የነሐሴው ፈተና

በአላባማ፣ ከጥጥ ማሳው ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የቨርሊን ፔትዌይ ቤት ቅዳሜ ሲመጣ እንደ ሠርግ ቤት ይደምቅ ነበር። አንድ ልጇ ላሞንት የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የተከላካዮች አለቃ ነው፤ ሄልሜቱን አጥልቆ ከሰው ጋር ሲላተም ስታዲየሙ በጩኸት ይናወጣል። አባቱ ዶርሲም በወጣትነቱ ለዚያው ኮሌጅ ተጫውቷል። በመጨረሻው ዓመቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሐኪሞቹ ከጨዋታ ስላስቀመጡት ገንዘብ የሚታፈስበት ትልቁ ሊግ ሳይገባ ቀረ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲያላምጥ ኖሮ፣ ያልሞላለትን ምኞት ለልጁ አወረሰው። ምነው ሌላ የሚያወርሰው ነገር በነበረው!

ነሐሴ ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቃላትና ቅርጾች እያስታወሰ ይፈተናል። በኋላ ጭንቅላቱን ከተመታ ያንኑ ፈተና ደግመው ይሰጡታል፤ ውጤቱ ከነሐሴው ካነሰ ከጨዋታ ያስቀምጡታል። በፈተናው ዋዜማ እራት ላይ ዶርሲ የተጠበሰ ዓሣውን እየቆረሰ ልጁን መከረው።

«ስማ፣ ነገ ጎበዝ ልሁን እንዳትል። ዘግየት በል፣ ግማሹን ሳት። ነሐሴ ላይ ደደብ የነበረን ልጅ፣ ጥቅምት ላይ ደደብ ሆነ ብሎ የሚያስቀምጠው የለም።»

«ለሱ አታስብ፣ አባዬ» አለ ላሞንት። «እኔ እንደሆን ሳልፈልግም እሳሳታለሁ።»

ሦስቱም ሳቁ። አዎ፣ ቨርሊንም ሳቀች።

ቡድኑ አሸነፈ፤ ደግሞ አሸነፈ፤ ከተማው አበደ። በአራተኛው ጨዋታ ላሞንት ከአንድ ግዙፍ አጥቂ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተመና፣ ሲነሳ ተንገዳግዶ ወደ ተጋጣሚዎቹ መቀመጫ ሄደ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በማግሥቱ ተፈተነ፤ ከነሐሴው እኩል አመጣ፤ ተሰለፈ። ጥቅምት ላይ አንድ እሁድ ቤት ሲመጣ ወተቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ የአክስቱ ስም ጠፋበት፤ ብርሃኑ አሳመመኝ ብሎ ፊቱን በትራስ ሸፈነ። ቨርሊን ባሏን ወጥ ቤት ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ሄደህ ንገራቸው፣ ዶርሲ። ነሐሴ ላይ ሆን ብሎ ነው የተሳሳተው በላቸው።»

«አምስት ሳምንት ነው የቀረው እኮ። የትልቁ ሊግ ሰዎች ሊያዩት እየመጡ ነው። አሁን ብናገር አታላይ ብለው ያባርሩታል።»

«ልጄ ስም እየጠፋበት ነው!»

«እኔስ ጠፍቶብኝ አልነበር? ይኸው ደህና ነኝ።»

ደህና ነኝ አለ... በየቀኑ የመኪና ቁልፉን ሲፈልግ የሚያረፍድ፣ በሆነ ባልሆነው ግድግዳ በቡጢ የሚደበድብ ሰው ደህና ነኝ አለ። ቨርሊን ባሏን አየችው፤ ተጸየፈችው።

ሰኞ ጠዋት ራሷ የቡድኑ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ወረቀቱን ፈገግ ብሎ ዘረጋላት። «ይመልከቱት፣ እናት፤ ከነሐሴ ወዲህ ምንም አልወረደም፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው ምን ያስጨንቅዎታል?» እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ! ግን ልጇ ሻንጣውን ይዞ ሲባረር ታያት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ተሰማት። ዋጠችው። አመስግና ወጣች፤ መኪናዋ ውስጥ መስታወቱ ላይ ፊቷን ስታይ መትፋት አማራት።

በኅዳር መጨረሻ፣ በሜዳቸው በሚደረገው የመዝጊያ ጨዋታ፣ ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሜዳ ይገባሉ። ቨርሊንም የላሞንትን ክንድ ይዛ ገባች። አሰልጣኙ ጉንጯን ሳመና «የጀግና እናት» አላት፤ ትንፋሹ ትምባሆ ትምባሆ ይላል። ከዕረፍት በኋላ ላሞንት ተመታ፤ ከባድ ምት እንኳ አልነበረም። ተንበረከከ፣ በጎኑ ወደቀ፣ አልተነሳም። ሰዉ ኮፍያውን አውልቆ ጸለየ። አምቡላንሱ ሲወጣ ማርሽ ባንዱ እንደገና መምታት ጀመረ። አሸነፉም።

ሆስፒታል የራስ ቅሉን ከፍተው የቋጠረውን ደም አወጡለት። በዘጠነኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። የሆስፒታሉ ሐኪም አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ጠየቀችው፦ ዓመቱ ስንት ነው? ያለነው የት ነው? ዘገየ። ሳተ። ሁሉንም ሳተ። ዶርሲ ልጁ ላይ ጎንበስ አለ።

«በቃ ልጄ፣ ያ ፈተና አልፏል። አሁን በትክክል መልስላቸው። እባክህ አታስመስል...»

ላሞንት አባቱን በፍርሃት አየው። ይሄኔ ቨርሊን አፏን ከፈተች፤ እራቱን፣ ምክሩን፣ ሳቁን፣ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ የዋጠችውን፣ ሁሉንም ዘከዘከችው። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። «ጥቅምት ላይ ቢነግሩን ኖሮ...» አለችና ተወችው። ላሞንት ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ቨርሊን አዞረ።

«ይቅርታ እትዬ፣ እናቴ ውጭ ናት? ይጥሩልኝ። እሷ ታውቃለች፣ እሷ ትነግራችኋለች።»

«እሺ፣ እጠራታለሁ» አለች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ማንን ትጥራ?

የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ዕጣ ፈንታው ነው ይላታል፤ የተጻፈለት ነው፣ ማን ይሸሻል፣ እያለ ትከሻዋን ይደባብሳታል። ቨርሊን ዕጣ የሚባለውን ቃል ስትሰማ ያቅለሸልሻታል። ዕጣ ቢሆንማ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሷ ግን ማን እንዳደረገው ታውቃለች፤ ጠዋት ጠዋት ልጇን በማንኪያ ስታበላ፣ እሱ በጨዋ ደንብ «አመሰግናለሁ፣ እትዬ» ይላታል።