ሦስተኛው መስታወት

ሙሉዬ ሰው ስትወድ አቀርቅራ መሬት መጫር አይሆንላትም። አፏ ይቀድማታል። አራጋውን መጀመሪያ ያየችው እንኳ እየሳቀችበት ነው።

ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ከክፉው ቀን፣ ከሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ሁለት ዓመት አልፏል። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከአንድ ዓለት ተፈልፍላ በወጣች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ ወጣት ጆሮውን ለጥፎ ቆሟል።

«ይሳለማሉ ወይስ ይተኛሉ?» አለችው።

«አዳምጣለሁ።»

«ምን አለዎ ታዲያ?»

«እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

አራጋው የወገል ጤና ከተማ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ምህንድስና ያስተምራል። የሚያጠናው ነገር እንዴት እንደሚሰበር ነው፤ ብረቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ድንጋዩም።

«ለመስበር ደግሞ ትምህርት ምን ያደርጋል!» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በግድግዳው ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ከጣሪያው የወረደ ስንጥቅ አለ። የአራጋው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ከሄደስ የሚያስኬደው የክረምቱ ውሃ ነው ወይስ የቀኑ ሐሩርና የሌሊቱ ውርጭ?

«ድንጋይ እኮ በአንዴ አይሰበርም» አላት። «ሲሞቀው ያብጣል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። ሲመላለስበት ይደክማል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ምንም ሳይጨመርበት…»

አልጨረሰውም። ብዙ ጊዜ አይጨርስም። ዓይኑ ሌላ አገር ያለ ግድግዳ ላይ ይሄድና እዚያው ይቀራል።

በስንጥቁ ላይ አራት ስስ መስታወቶች በጀሶ አጣበቀ። ዓለቱ የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ መስታወቱ አይችልም፣ ይሰበራል። ሙሉዬ የቤተ ክርስቲያኗ አገልጋይ የቄስ ተክለ ሚካኤል ልጅ ናት፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪም ስለሆነች እንድትጠብቃቸው ለእሷ ሰጣት። በየወሩ እየመጣ ያያል። መስታወቱን አይቶ ሲያበቃ ግን አይሄድም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ። «እርስዎ» መቼ «አንተ» እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

ከዐቢይ ጾም በፊት መጥቶ አንገቱን ደፋ።

«ሶቪየት ኅብረት የዶክትሬት ትምህርት አግኝቻለሁ። በዚሁ ግድግዳ ጥያቄ። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«አራት ዓመት።»

«እኔስ?» ማለት ፈልጋ «መስታወቶቹስ?» አለች።

«አንዱ ከተሰበረ ላኪብኝ። የትም ብሆን እመጣለሁ።»

ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሙሉዬ በየማለዳው እየወጣች አየች። መስታወቶቹ ደህና ነበሩ። ዕድሜዋን እንደዚያ የሚያናድድ ደህንነት አይታ አታውቅም። ፋሲካ ሲቃረብ ጠጠር አነሳችና ሦስተኛውን ኳ አድርጋ ሰበረችው።

መልእክቱን ወልድያ ለሚወርደው የእርዳታ መኪና ሾፌር ለሸዕባን ሰጠች።

«ወልድያ ስትደርስ ለአራጋው ስልክ ደውልልኝ። ‹መስታወት ተሰብሯል› በለው፣ ሌላ ምንም አትበል።»

«ወላሂ ጉድ ነው! ለመስታወት ብሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ መስታወቱን አይደለም የሚያይ» ብሎ ሳቀና ሞተሩን አስነሳ።

እሑድ ቅዳሴ መሃል ላይ አራጋው ከነጫማው ዘሎ ገባ። አመድ መስሏል።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ልጆቹን አስቀድሙ!»

ሙሉዬ ሳየው እደሰታለሁ ብላ ነበር። አልተደሰተችም። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም፤ የተቀበረ ሰው የሚጣራ ይመስል ነበር። አሮጊቶች ተረጋገጡ። ዲያቆኑ ጃንጥላውን ጣለ። አባቷ ከመቅደሱ ደጃፍ ሆነው «የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ልጄ! ጫማህን!» አሉት፤ አልሰማም። ሰውን ገፍቶ ካስወጣ በኋላ ብቻ ወደ ስንጥቁ ሄደ። ሙሉዬ ከኋላው ነበረች።

ሦስተኛውን መስታወት አየ። ቀረብ ብሎ አየ። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ዓለት የሳበው መስታወት በአንድ መስመር ነው የሚሰነጠቅ» አለ፣ ዞር ሳይል። «ይሄ ግን ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ተበትኗል። ተመቶ ነው።»

ሙሉዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ደጅ ሲወጡ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደባሱ ጩኸቱን ሰምቶ ደርሶ ነበር።

«ጓድ አራጋው፣ ሊወድቅ ነው?»

«አይወድቅም።»

«ታዲያ ምን አሸበረህ? የመንግሥት መሣሪያ የሰበረ ካለ ተናገር፤ የአሻጥረኛን መድኃኒት እኛ እናውቃለን።»

«እኔ ነ…» ስትል አራጋው ቀደማት።

«የኔ ጥፋት ነው። ጀሶውን በደንብ ሳላቦካ አጣበቅሁት፤ ሲደርቅ ሰበረው። ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቴም እጽፋለሁ።»

ደባሱ በመፋቂያው ጥርሱን ፋቀ። «በጀሶ ሕዝብ የምትረብሽ ከሆነ ዶክትሬቱን ለሌላ መስጠት ነው።»

«ይስጡት» አለ አራጋው።

ሰዉ ሲበተን ሙሉዬ ከደረጃው ላይ ያዘችው።

«ለምን ዋሸህ? አንዱን አበላሽቼዋለሁ ካልክ የቀሩትን ማን ያምንልሃል? ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ!»

«ይወስዱሻል።»

«ይውሰዱኝ! አንተን ያስቀረሁ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ አራጋው ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረውን ነገር ጨረሰ። በሰባ ሰባት ለእርዳታ ሥራ ወደ ወገል ጤና ሄዶ ነበር። ከዝናብ የሸሸው ሰው ሁሉ በሚያድርበት መጋዘን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አየ፤ እርሳስ አውጥቶ ጫፉ ላይ ምልክት አደረገበት፤ ሄዶ አለመሄዱን ነገ አያለሁ ብሎ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት እህቱ ሸጌ ከዚያው ሥር ተኝታ ነበር፤ ሌሊት ግድግዳው ወደቀባት።

«የሸዕባን ስልክ ሲደርሰኝ መንገዱን ሙሉ እሷን ነው የሰማሁት» አለ። «አስቀይመሽኛል፣ ሙሉዬ። ግን ሰው ከግድግዳ ሥር ትቼ ሁለተኛ አልሄድም።»

የትምህርቱ ዕድል ለሌላ ተሰጠ። አራጋው ተቀጥቶ ለላሊበላ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተማሪ ሆኖ መጣ፤ በግንቦት ሽማግሌ ላከ። ሙሉዬ ለአባቷ ጠጠሩን ጭምር ሁሉንም ተናዘዘች። ቄስ ተክለ ሚካኤል ሰማይ ሰማይ አዩና «ሰው ሊያድን የሮጠ ሰው ጫማውን ማን ያስታውሰዋል» አሉ።

ለሠርጉ ዳስ ሊጣል እንጨት ሲቆረጥ ሙሉዬ እምቢ አለች። ጣሪያ የሚባል ነገር በሠርጌ አይኑር አለች።

«የቄስ ልጅ እንደ ከብት ሜዳ ላይ?» አሉ አክስቶቿ።

«እንደ ከብት!»

በሠርጉ ቀን ካፊያ ጣለ። ዘፋኙም፣ ጨፋሪውም፣ ጠላውም ራሰ። ሰዉ እያጉረመረመ ጨፈረ። አራጋው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀና ሲል ከራሱ በላይ ደመና ብቻ ነበር፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ከዚያ ዓይኑ በእሱና በሙሽራዋ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ላይ ሄዶ ቀረ።

ሙሉዬ ምን እንደሚያይ አልጠየቀችውም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የምታስቀምጥ ቦታ ተወች።