ረዳት፦ ታቢታ

«መብራት አለ?»

የክፍል ጓደኛዋ የሩሀማ መልእክት ስልኳ ላይ ብቅ ሲል ታቢታ ቀና ብላ የመኪና ቻርጀሩን አየችው። ስክሪኑ ጨልሟል። መብራት ከሄደ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል።

ሌላ መልእክት ተከተለ። «እንግዶቹን ይዘን ልንወጣ ነው። እዚያ ሲሞላ እንዲያዩት ብለን መኪናውን ቻርጅ አላደረግነውም። ከሌለ ንገሪኝ፣ እዚሁ ከተማ እናቆያቸዋለን።»

ታቢታን ሳቅ ሳቅ አላት። እናቷ ሙሉዬ በምትጠብቀው በዚህ የቡሹሎ ሰፈር የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሥር ሦስት ወር ሙሉ ተቀምጣ፣ መብራት በስንት ሰዓት እንደሄደና በስንት ሰዓት እንደመጣ ደብተር ላይ የመዘገበችው እሷ ናት። ሩሀማ መሃል ከተማ ኮምፒውተር ቤት ወስዳ አስጻፈችው፤ በቃ። የትምህርት ቤቱ ሳይንስ ኤግዚቢሽን ቀን ግን ፖስተሩ «አዘጋጅ፦ ሩሀማ። ረዳት፦ ታቢታ» ብሎ መጣ። አንደኛም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ታቢታ ክፍል በገባች ቁጥር ልጆቹ ሙድ ይይዙባታል። «ረዳት! ወራጅ አለ!» ሩሀማም አብራቸው ትስቃለች። የሚያንገበግባት ይሄ ነው።

«አለ» ብላ ጻፈችና ላከችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መኪናው ደረሰ። የሩሀማ አባት ገመዱን ሰኩት፤ ምንም የለም። ነቅለው እንደገና ሰኩት። የፖስተሩን መረጃ አይተው ለቡሹሎ ሁለተኛ ቻርጀር ይተከል አይተከል የሚወስኑት ሁለት እንግዶች ተያዩ። ሩሀማ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«የእጅሽን አገኘሽ» አለች ታቢታ በሆዷ።

መነጽር ያደረጉት ሴት እንግዳ ወደ ሩሀማ ዞሩ። «አሁን መብራት አለ አላልሽም ነበር? የሦስት ወሩ መረጃም እንዲህ ነው የተሰበሰበው?»

ሩሀማ ወደ ታቢታ ዞረች።

«በዚህ ተመሥርተን መወሰን አንችልም» አሉና የያዙትን ፖስተር ጠቀለሉት።

ታቢታ ያኔ ደነገጠች። የተጠቀለለው የሩሀማ ሥራ አይደለም፤ የራሷ ሦስት ወር ነው። ዝም ካለች ሩሀማ እንደተዋረደች ትቀራለች፣ ደብተሩም አብሮ ይቀራል። የእኔ ነው ካለች ደግሞ ውሸቱም የእሷ ሊሆን ነው።

«ታቢ፣ በናትሽ አንድ ነገር በያቸው» አለች ሩሀማ ጠጋ ብላ።

ታቢታ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። ደብተሯን ይዛ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደሌለ እያወቅኩ አለ ብዬ የላክኩት እኔ ነኝ። እሷን ላዋርዳት ብዬ ነው።»

ከኋላዋ እናቷ «ወይ ጉዴ!» ስትል ሰማች።

«ደብተሩ ላይ ግን አልዋሸሁም» አለችና የዛሬውን ገጽ ገለጠችላቸው። «4፡20 ሄደ» ይላል።

ሴትየዋ ገጾቹን ወደ ኋላ አንድ በአንድ አገላበጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ማን ረዳሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ሩሀማ ኮምፒውተር ቤት አስጽፋልኛለች» አለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችላትም።