አሥራ አንድ ቀን የቀደመ ካርድ

ካርዱ የመጣው ማክሰኞ ዕለት ነው። ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁት። በአንድ ወገን ባሕርና ለመርከቦች የሚያበራ ነጭ ማማ፣ በሌላው ወገን የፍቅረኛዬ የጋራም የእጅ ጽሑፍ። የጋራምን ጽሑፍ ዓይኔን ጨፍኜ ብዳስሰው እንኳ አውቀዋለሁ፤ እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ነው የሚጫነው። ፈገግ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ሶልቢ፣ ይህ ካርድ እጅሽ ሲገባ ዓመት ይሞላዋል። ልብሽ ከተመለሰ ዓመቱ በሚሞላበት ቀን፣ ኦክቶበር አሥራ ሰባት፣ እኩለ ቀን ላይ እዚሁ ማማው ሥር ነይ። እጠብቅሻለሁ። ጋራም።»

እኔ ሶልቢ አይደለሁም። ናሬ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕሩ ዳር ባሉት ማማዎቻችን ሥር ዘገምተኛ ፖስታ የምንለው ሳጥን አለ። የጣሉበትን ካርድ ዓመት ሙሉ አስቀምጦ ነው የሚልከው። ሰው ለራሱ ይጽፋል፣ ለእጮኛው ይጽፋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ዓመት ሲሞላ በሩ ላይ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ደስ የሚለው ግን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ሰው ሲወድ ለቆየ ነው።

ሶልቢ ደግሞ ከእኔ በፊት በዚህች ቤት ተከራይታ የኖረች ልጅ ናት። በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የማውቃት የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በመታችው የፎጣ መስቀያ ነው፤ እኔ በእግሬ ጣቶች ካልቆምኩ አልደርስበትም። ረጅም ናት ማለት ነው።

ባለፈው ኖቬምበር፣ ገና ዕቃዬን ፈትቼ ሳልጨርስ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ሰው ካርቶን ሙሉ መንደሪን ታቅፎ ቆሟል።

«ሶልቢ የለችም?»

«ቤት ቀይራለች። የት እንደሄደች አላውቅም።»

ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርቶኑን አየ። «እንግዲህ እርስዎ ይብሉት» አለና ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ደረጃውን ወረደ። በሳምንቱ ሌላ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። «የፊተኛው ኮምጣጣ እንዳይሆን ሰግቼ ነው» አለኝ። ጋራም ፖሃንግ ወደብ ላይ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሞተር ይጠግናል። እኔ ከወደቡ በላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ልብስ አሳጥራለሁ፣ አጠብባለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ጣቶቼ ከመንደሪን ብዛት ቢጫ ሆኑ፤ ልቤም አብሮ ሄደ።

የባሕር ዳሩን መንገድ በእግር እንሂድ ያለው ራሱ ጋራም ነው፤ ካርዱ ከመምጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት። «የዮንግዶክን ዳርቻ፣ አራት ቀን። ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት፣ እስከ ነጩ ማማ» ሲለኝ በደስታ አዲስ ጫማ ገዛሁ። አሁን ካርዱን ይዤ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ካርዱን አምጥቶ ፊቱ ላይ ያስቀምጠው ነበር። እኔ ግን የዝናብ ልብሴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ዚፑን ዘጋሁ። ማማው ሥር ሲደርስ ዓይኑ ማንን እንደሚፈልግ በዓይኔ በብረቱ ማየት ፈለግሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ዐለት ለዐለት ሄድን። ባሕሩ በቀኝ፣ ጥዱ በግራ፤ ቅርንጫፎቹ ላይ የታሰሩት ሪባኖች መንገዱን ያሳያሉ። ጋራም ግን ሪባን አይፈልግም። የት እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ ያውቃል።

«መንገዱን አበጥረህ ነው የምታውቀው» አልኩት።

«አምና ብቻዬን መጥቼ ነበር።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።» ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ቀደመኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተከተልኩት።

ከሰዓት በኋላ ተረከዜ ተላጠ። ጋራም ተንበርክኮ ጫማዬን አወለቀ፣ ፕላስተር ለጠፈልኝ፣ ክሩን እንደገና አሰረው። እጁ ሞተር የለመደ ሻካራ እጅ ነው፤ እግሬን ሲይዝ ግን እንቁላል የያዘ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው እቀልጥ ነበር። ያን ቀን ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሶልቢንም ጫማ እንዲህ ያስር ነበር?

በሁለተኛው ቀን ማታ ያረፍነው ወለሉ ከሥር በሚሞቅ የአንዲት አሮጊት ቤት ነው። እኒህ እማማ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ባሕር ውስጥ እየጠለቁ የባሕር ቀንድ አውጣ ይለቅሙ የነበሩ ናቸው። የባሕር ቅጠል ሾርባውን ሲያቀርቡ ጋራምን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ፣ አምና ሾርባዬ ላይ በእንባህ ጨው ያበዛህበት ልጅ አይደለህም?»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። «ተሳስተው ይሆናል እማማ።»

«ምን እሳሳታለሁ! አርባ ዓመት ሙሉ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣውን ከድንጋዩ ስለይ የኖርኩ ሰው፣ የአንተ ፊት ይጠፋኛል?» ወደ እኔ ዞሩ፤ ከላይ እስከ ታች ለኩኝ። «ይቺ ናት ያስለቀሰችህ?»

«ያቺስ ሌላ ናት» አልኩ፣ ከአንገት በላይ እየሳቅሁ። «እኔ የመንደሪን ተረካቢዋ ነኝ።»

ጋራም ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ ሾርባዬን ወደ ጎን ገፋሁ። ለእሷ አልቅሷል። ዓመት ሊሞላን ነው፣ ለእኔ አንዲት ጠብታ እንኳ አፍስሶ አያውቅም። የሰው እንባ ያስቀናል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር፤ ግን ቀናሁ።

ዕቃ ሳጣጥብ እማማ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «ምነው ሳህኑን እንደ ጠላት ትፈትጊዋለሽ?»

«ለእኔ አልቅሶ አያውቅም እማማ።»

«ታዲያ ምን አድርገሽው ያልቅስ? ያቺ ጥላው ሄዳ ነው ያለቀሰው። አንቺም እንባ ካማረሽ ሂጂና እይው።» ሳህኑን ከእጄ ወስደው አደረቁት።

ሦስተኛው ቀን የባሰ ሆነ። ከአንድ የዓሣ መንደር ዳር መጸዳጃ ቤት ገብቼ ስወጣ ጋራም የለም። ዓሣ ከተሰጣበት ገመድ ጀርባ ድምፁን ሰማሁ፤ በስልክ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እባክሽ እህቴ፣ ነገ ከእኩለ ቀን በፊት እደርሳለሁ… አይ፣ እሷ አታውቅም። እንድታውቅም አልፈልግም… አንቺ ብቻ ጠብቂኝ።»

እግሬ በራሱ ወደ ዋናው መንገድ ወሰደኝ። የፖሃንግ አውቶቡስ ሲመጣ እጄን አነሳሁ፤ ሹፌሩ በሩን ከፈተ።

«ትገቢያለሽ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ እጅሽን ለምን አነሳሽ እመቤቴ?»

በሩ ተዘጋ። ብሄድ ኖሮ ክብሬ ይተርፍ ነበር፤ እኔ ግን የሶልቢን ቁመት ሳላይ የትም መሄድ አልቻልኩም። ጋራም እየሮጠ ደረሰ። «የት ሄደሽ ነው? ደነገጥኩ እኮ» አለኝ። «አየር ልቀበል ብዬ ነው» አልኩት። አየሩማ የት አልነበረም?

አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ጋራም ቁርሱን በቅጡ ሳይበላ ተነሳ፤ መንገዱንም እንደተባረረ ሰው ሄደው። እኔ ከኋላው ካርዱን በኪሴ ላይ እየዳበስኩ ተከተልኩ። ነጩ ማማ ከጥዶቹ በላይ ብቅ ሲል እርምጃዬን አፈጠንኩ። ሥሩ ቀዩ የፖስታ ሳጥን አለ። አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው የለም።

«እዚህ ቁጭ በይ» አለኝ። ስካርፉን አውልቆ አንገቴ ላይ ጠመጠመ። «ትኩስ ነገር ይዤልሽ ልምጣ።»

ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ሲሆን ትዕግሥቴ አለቀ። ከማማው ጀርባ ያለችው ቢሮ መስኮት ጋ ስደርስ አየሁት፤ ጋራም ወለሉ ላይ ተንበርክኳል፤ አንዲት ረጅም፣ በጣም ረጅም ሴት አጠገቡ ጎንበስ ብላ ትስቃለች። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ሶልቢ አንቺ ነሽ?»

ሴትየዋ ቀና አለች። ደረቷ ላይ የሠራተኛ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። «እኔ እንኳ ሚኦክ ነኝ» አለችኝ። «ሶልቢንማ እኔም ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግኋት ነው።»

ያኔ ነው ወለሉን ያየሁት። በካርድ ተሸፍኗል። ጋራም መሐላቸው ተንበርክኮ ሁለት እጁ ሙሉ ካርድ ነው፤ አጠገቡ «ያለፈው ኦክቶበር» የሚል ሣጥን ተገልብጧል።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አልኩት።

ዓይኑን አልሰበረም፤ ድምፁ ግን ሰለለ። «አንድ ካርድ። አምና ለሶልቢ የጻፍኩት። በአንቺ ቤት አድራሻ ነው። ዛሬ ዓመቱ ይሞላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት በርሽ ላይ ይመጣል፤ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ እንደሚደርስ ስጽፈው አላሰብኩትም። ሳይላክ ላወጣው ብዬ ነው። ትላንት እቺን እህታችንን በስልክ ለምኛት ነበር።»

የኪሴን ዚፕ ከፈትኩ። ካርዱ በአራት ቀን ላብና ዝናብ ልስልስ ብሏል። «ይሄንን ነው?»

ሚኦክ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ከወሩ መጀመሪያዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሄዶ ነው!»

«መቼ ደረሰሽ?» አለ ጋራም።

«ከአሥራ አንድ ቀን በፊት።»

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ኪስሽ ውስጥ?»

«አንተስ? ዓመት ሙሉ ሆድህ ውስጥ!»

«እኔ ሻይ ላፍላ» ብላ ሚኦክ ሹልክ አለች።

ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ካፊያው አላቆመም።

«እንዲህ ያለ ካርድ አለ ብለህ አስቀድመህ ብትነግረኝስ?»

«ፈራሁ። መታጠቢያ ቤት ያለውን መስቀያ ስታዪ እንኳ ፊትሽ ይለዋወጣል።»

እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያመመኝን ጥያቄ አወጣሁት።

«ያን ቀን በሩን የከፈተችው እሷ ብትሆን ኖሮስ?»

እንዲዋሸኝ ተመኘሁ። ከልቤ ተመኘሁ።

«እገባ ነበር» አለ።

ተነስቼ ሄድኩ። ወደ ጥዶቹ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ የትም። አልጠራኝም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄጄ ዞር አልኩ። ጋራም ካርዱን ይዞ ቆሟል፤ በክንዱ ፊቱን ይጠርጋል፣ መልሶ ይጠርጋል። ሁለት ቀን ሙሉ ያማረኝን እንባ አየሁት። ምንም ደስ አላለኝም። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«ዝናቡ ነው» አለኝ።

«እማማ ቢቀምሱት ያውቁት ነበር።»

መሳቅም ማልቀስም አቃተው። «ልዋሽሽ አልችልም ናሬ። የመጀመሪያው ካርቶን የእሷ ነበር። ሁለተኛውን ግን ገበያ ሄጄ አንድ በአንድ እየዳበስኩ የመረጥኩት ለአንቺ ነው። ያን ቀን የማስበው ስለ እሷ አልነበረም። እንደገና ትከፍትልኝ ይሆን እያልኩ ነበር።»

የማማው ሰዓት እኩለ ቀን ደወለ። ረጅም ሴት ትመጣ እንደሆነ ወደ መንገዱ አየሁ። ማንም አልመጣም። ወደ ጋራም ዞርኩ። እሱ መንገዱን አላየም፤ ከመጀመሪያውም የሚያየው እኔን ነበር። አራት ቀን ተራምጄ ላየው የመጣሁት ይኼንኑ ነበር፤ ሳየው ትከሻው ላይ ተደገፍኩ።

ሚኦክ ሻዩንና ሁለት ባዶ ካርድ ይዛ መጣች። «የቢሮው ካሣ ነው» አለች። እንደ ፈተና ላይ ተማሪ እጃችንን ከልለን ጻፍን፤ ሳንተያይ ሳጥኑ ውስጥ ጣልን። «ዘንድሮ እኔ ራሴ ቀኑን እጠብቃለሁ» ብላ ማለች።

በጸደይ ተጋባን። ጋራም ዕቃውን ይዞ እኔ ቤት ገባ፤ መጀመሪያ የሠራውም ሥራ መስቀያውን ነቅሎ በእኔ ቁመት መምታት ነው። አሁን እሱ ነው ፎጣ ፍለጋ የሚያጎነብሰው።

ሚኦክ ምላለች፤ ካርዶቹ ግን የመጡት በኖቬምበር ነው፣ ከቀናቸው ሦስት ሳምንት ዘግይተው። ጋራም ሥራ ላይ ነበር። በእኔ ስም የመጣውን አነበብኩ፣ ወረቀቱ ተበስቷል።

«ናሬ፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ቢሆን እንኳ እንደምታነቢ ስለማውቅ፣ ከእንግዲህ በዚያ አድራሻ ለማንም ሌላ አልጽፍም። ጋራም።»

ለሁለተኛ ጊዜ እያነበብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ አለው፤ ግን አንኳኳ። ስከፍት ካርቶን መንደሪን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«የምትፈልጋት ልጅ ቤት ቀይራለች» አልኩት።

«አልቀየረችም» አለ። «ይኸው ከፈተችልኝ።»