ፊቷ የተጠረገባት እናት

ውሸት ነው የሚል ካለ አሁኑኑ ይለፈው። እኔም ባልሰማሁት ደስ ባለኝ። ግን የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እሷ ደግሞ እንኳን መዋሸት ቀልድም አትችልበት።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ...

እህቴ የምትሠራው የድሮ ፎቶዎች የሚቀመጡበት መሥሪያ ቤት ነው። የድሮ ስላችሁ፣ ፊልም ሳይለመድ ምስል በመስታወት ላይ ይነሣ በነበረበት ዘመን የተነሡ። "ባለ ጥቁሩ ጨርቅ" የሚሉት ፎቶ አንሺ ነበር። ጨርቁ ውስጥ ተሸጉጦ "እንዳትተነፍሱ!" እያለ የከተማውን ሰው ሁሉ አንሥቶ፣ መስታወቶቹን በሣጥን በሣጥን ሞልቶ ሞተ። የእህቴ ሥራ እነሱን ማጽዳትና ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው።

መስታወቱ ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ያብለጨልጫል፤ እሱ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ ምንም አይሆንም። ሌላው ፈዘዝ ያለ ነው፤ ምስሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እሱን ውሃ ከነካው አበቃ... ተልጦ ይነሣል።

አንድ አሮጊት ይመላለሱባት ነበር። ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው። እናታቸው የሞተችው እሳቸው ጡት ሳይጥሉ ስለሆነ መልኳን አያውቁትም።

"አብረን ተነሥተን ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ" ይሏታል። "እባክሽ ልጄ፣ ሳልሞት አንድ ጊዜ ልያት።"

አንጀቷን በሏት። ሣጥን ስታገላብጥ ከርማ፣ አንድ ቀን አገኘችው። ወንበር ላይ የተቀመጠች ወጣት ሴት፣ ጭኗ ላይ የተኛች ሕፃን። ጥጉ ላይ የአሮጊቷ አባት ስም ተጭሯል።

ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍናለች... ይህን ያዙልኝ።

እህቴ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ደወለች። "እማማ፣ ዛሬውኑ ይምጡ! ተገኘች!"

እስኪደርሱ ልታሳምረው ቸኮለች። ሳህን ሦስቴ የምታጥብ ሴት ናት እኮ! ቢጫ ጨርቋን አርጥባ ጥርግ አደረገችው።

በፈዛዛው ገጽ።

ጨርቁን ስታነሣው ግራጫ ነገር ይዟል። መስታወቱ ላይ የሴትየዋ አንገት አለ፣ እጆቿ አሉ፣ ሻርፗ አለ። የፊቷ ቦታ ግን ባዶ መስታወት ሆኗል። በዚያ በኩል የእህቴ የገዛ ጣቷ ይታያል።

ክው አለች።

በሩ ተንኳኳ።

"ልጄ... መጣሁ። የታለች?"

"ትንሽ ይቆዩኝ፣ እማማ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ለቆየሁ ሰው፣ ትንሽ ምን አላት!" ብለው ሳቁ።

እውነቱን መናገር ነበረባት። እሷ ግን የተበላሸውን ምስል ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ፣ ከሌላ መስታወት የማታውቃትን ሴት ፊት ቆርጣ ለጠፈችበት። አትማ ሰጠቻቸው።

አሮጊቷ ፎቶውን ሳሙት። ግንባሯን ሳሙ፣ ዓይኗን ሳሙ።

"እኔን አትመስልም?"

"ቁርጥ እርስዎን!" አለች እህቴ። ይህችን ስትነግረኝ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ጨርቁን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። መስታወቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በማግስቱ አላስችላት ብሎ አወጣችው...

ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣለች።

"ብርሃኑ ነው" አለች ለራሷ።

ሌላ ቀን ስታየው፣ ሕፃኗ አንገቷን ቀና አድርጋ ያንን ባዶ ቦታ ታያለች። ሌላ ቀን ደግሞ አፏን በሰፊው ከፍታለች። እሪ ብላ የምታለቅስ ሕፃን... ድምፅ ግን የለም።

ቅርጫቱን አየች። ሌላው ቆሻሻ ሁሉ እንዳለ ነው። ቢጫው ጨርቅ የለም።

"ከዚህ በላይ አልችልም" ብላ ሁሉንም ልትናገር ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ሻርፕ ተከናንባለች።

"ጤና ይስጥልኝ" አለቻት።

ሴትየዋ ዞር አላለችም።

ጎረቤት መስላት አልፋ ገባች። አሮጊቷ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጥግ ይዘዋል።

"ዝጊው... በሩን ዝጊው" አሉ በሹክሹክታ።

"ምነው እማማ?"

"ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች።"

"ምን... ምን ትመስላለች?"

"ፊት የላትም፣ ልጄ።"



"ጮኽኩባት" አሉ አሮጊቷ። "ይህን ፎቶ አሳየኋት። 'እናቴ ይቺ ናት፤ አንቺን አላውቅሽም፤ ውጪልኝ!' አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው... በምኗ እንዳየችው እንጃ። ከዚያ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ወጣች።"

እህቴ እግራቸው ሥር ወደቀች።

"እማማ... ፎቶው ላይ ያለችው እናትዎ አይደለችም። የእናትዎን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር ትላለች እህቴ።

"ታዲያ..." አሉ። "ታዲያ ያባረርኳት ማን ናት?"

እህቴ ተስፈንጥራ በሩን በረገደችው። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ወንበሩ ላይ አንድ እርጥብ ቢጫ ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

አሮጊቷ ከዚያ ወዲህ በራቸውን ዘግተው አያውቁም። ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ማንም አልመጣም።

መስታወቱን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። እህቴ ወደ መስኮቱ አንሥታ ያዘችልኝ።

ወንበሩ አለ። ሴትየዋ የለችም። ሕፃኗ ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ወደ ባዶው ወንበር ዘርግታለች...