ጠሪው ሳይታይ

ዶክተር ይልቃል በሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል ኮሪደር ሲያልፍ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ቢሮዎች የሚያያቸው፣ ሰው የቆሸሸ ሳህን በሚያይበት ዓይን ነበር። በአንደኛው ዶክተር ጉርሜሳ ስለ ዕድሮች የበተነውን መጠይቅ ዛሬም ያመነዥካል፤ በሌላው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፈትለወርቅ ለዓመታዊው የጥናት ጉባኤ ስለሚቀርበው ቆሎና ለስላሳ ከግዥ ክፍል ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች። «ምሁር ተብዬዎች!» ይላል በልቡ፤ ሰላምታቸውንም በአገጩ ይመልሳል።

የእሱ ጥናት ስለ ጥሪ ነበር። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ውስጥ ሰዎች ጠሪያቸውን በዓይናቸው ሳያዩ «አቤት» አይሉም። እዚያ ሄዶ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲጠይቃቸው፣ ከገደሉ ጭጋግ ውስጥ አንድ ድምፅ ስሙን ጠራው። አሮጊቷ ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

«ዝም በል የኔ ጌታ! ሳታየው አቤት ካልከው አፍህን ሰጠኸው ማለት ነው።»

ዶክተሩ ሳቀ። ድንቁርና ሁልጊዜ ያስቀው ነበር። እጁን መንጭቆ ወደ ገደሉ ጎንበስ አለና «አቤት! አቤት ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ። ገደሉ ድምፁን አልመለሰለትም። እማማ ደብሪቱ ገብተው በራቸውን ዘጉበት።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሰዓት ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት ቀዝቃዛ አየር በበሩ ስር ወደ ቢሮው ይገባ ጀመር። ከዚያ የጉርሜሳ ድምፅ «ዶክተር ይልቃል!» ይላል። «አቤት» ብሎ ሲወጣ ማንም የለም፤ የጉርሜሳ ቢሮም ተቆልፏል። ሌላ ቀን ፈትለወርቅ ከደረጃው ጠራችው፤ ደረጃውም ባዶ ነበር። «እነዚህ ስራ ፈቶች ሊቀልዱብኝ!» እያለ ሁልጊዜ ይመልሳል፣ በመለሰ ቁጥርም የራሱ ድምፅ ይሰልላል። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የኋላ ወንበር ተማሪዎች «አልሰማንም» አሉት፤ ቆይቶ የፊተኞቹም ቀና ብለው ማየት ተዉ። ደንቆሮዎች ናቸው ብሎ አለፋቸው። አንድ ከሰዓት ግን ጥሪው ከወንበሩ ጀርባ፣ እርጥብ ትንፋሽ ማጅራቱን እየነካው መጣ፤ ድምፁም የማንም ሳይሆን የራሱ ነበር።

«አቤት» አለ፣ ሳያስበው።

በጉባኤው ቀን ጽሑፉን ይዞ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ፣ ፈትለወርቅ በማይክሮፎን «ቀጥሎ ዶክተር ይልቃልን እንጋብዛለን» አለች። አፉን ከፈተ፤ ባዶ አየር ብቻ ወጣ። ከውስጥ አንድ ሙሉና ለስላሳ ድምፅ «አቤት» ሲል ሰማ።

በበሩ መስታወት አየ። መድረኩ ላይ የእሱን መልክና ኮት የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ከሱሪው ጫፍ ጭቃ ይንጠባጠባል፤ ሲናገር ከንፈሩ ከቃሉ ዘግየት ብሎ ይንቀሳቀሳል። ባልደረቦቹን እጅ ነሳ፤ ስለ ንቀቱ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ጉርሜሳንም በስሙ ጠርቶ አመሰገነው። የጉርሜሳ ዓይን እንባ አቀረረ። ይልቃል በሩን በሁለት እጁ እየደበደበ ጮኸ፤ ጡጫውም ጩኸቱም ድምፅ አልነበረውም። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ንፋስ የመጣ መስሎት ተነስቶ መጋረጃውን ጋረደ።

ከመጋረጃው ወዲያ ጭብጨባው አዳራሹን ሲሞላው፣ ፈትለወርቅ ወደ ጉርሜሳ ዘንበል ብላ «ይገርማል፣ ይልቃል ዛሬ ገና ሰው ሆነ» አለችው።