የመስኮቱ ወንበር

«ሳቂታ ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም» አለ ራዲዮ፣ ወንበሮቹን እየጎተተ ክብ ሲሠራ። «ስሜን ሰርዙልኝ ብላለች።»

ሽቦ መስኮቱን እየከፈተች ነበር። እጇ መወርወሪያው ላይ ቀረ።

«ለማን ነው ያለችው?»

«ለኔ። ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘችኝ። ምን ልበላት? ሕግ ሕግ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።»

ይህን ሲል ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። ራዲዮ የራሱን ሰፈር ወሬ ጨርሶ ትንፋሽ ሳይወስድ የሌላውን ሰፈር የሚጀምር ልጅ ነው፤ ጥያቄ ውጦ መዋል ለእሱ በእርግጥም ጀግንነት ነበር።

የሐሙስ ክበብ የሚሰበሰበው በድሮው የስፌት ክፍል ነው። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጨርቅ ለብሰው ግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ክፍሉ አሁንም የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ባዶ እግሩን የገባ ሰው መርፌ ቢወጋው ጥፋቱ የራሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉና ሆዳቸው ውስጥ የሚከብድ ነገር የያዙ ልጆች ይመጣሉ። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። የስፌት መምህርቷ ጥግ ይዘው የቲያትር ክበቡን መጋረጃ ይጠግናሉ፤ ነገር ካልከረረ በስተቀር አይናገሩም።

ሕጎቹ ሁለት ናቸው። እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል። መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። መናገር ያልፈለገ እዚያ ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስ ይታለፋል፤ አለቀ። ዘንድሮ የክበቡ መሪ ሽቦ ናት፤ እንደ እሷም ሕጎቹን የሚያከብር የለም። ቅጥነቷን አይተው ሽቦ ያሏት ልጆች፣ መሪ ከሆነች ወዲህ ስሙ ለጠባይዋም ይሆናል ብለው ያሾፉባታል።

ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ የመስኮቱ ወንበር የሳቂታ ነበር። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ወደ ውጪ ታያለች፣ ትሄዳለች። ምን እንደሆነች ማንም አያውቅም። በቅርቡ ግን መቅረት ጀመረች፤ አሁን ደግሞ ይኸው ስሟን ልታሰርዝ ነው።

«እንግዲያው ወንበሩን ለእሷ እንስጣት» አለ ራዲዮ፣ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

ሽቦ አስገባቻትና ሕጎቹን ነገረቻት። «አይዞሽ፣ ማንም አያስጨንቅሽም። ካንቺ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም።»

«ውጪስ?»

«ውጪማ ጭራሽ! እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል አልኩሽ እኮ።»

አዲሷ ልጅ ትንሽ አሰበች። «እና ስትወጣ ከማን ጋር ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው?»

ራዲዮ የተስተካከለውን ወንበር እንደገና ማስተካከል ጀመረ።

ብቻዋን ነው የምትሄደው። ሽቦ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሳቂታ ከበሩ እስክትወጣ ሆን ብላ ወደ ኋላ የምትቀረው እሷ ነበረች። አብሬያት ብሄድ ልታወጣጣኝ ነው ትላለች ብላ ፈራች። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ «እንዴት ነሽ?» ማለት እንኳ ትታ ነበር። እንዴት ነሽም ጥያቄ ነው ብላ! አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች፤ ያንን ደግሞ እንደ ትልቅ ደግነት ቆጥራው ነበር።

ሁለቱ ያደጉት አንድ ግቢ ውስጥ ነው፣ በራቸው ፊት ለፊት ሆኖ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ ዝገት የበላው በርሜል። አመሻሽ ላይ አኩኩሉ ይጫወቱ ነበር። ፈላጊዋ ዓይኗን ጨፍና «አኩኩሉ!» ስትል፣ ተደባቂዋ ገና ካልተዘጋጀች «አልነጋም!» ትላለች፤ ፈላጊዋም ትጠብቃለች። ስትዘጋጅ «ነጋ!» ትላለች። ሳቂታ ግን «ነጋ»ን ጨርሳው አታውቅም፤ መሃል ላይ ሳቋ ያመልጣታል። ሁልጊዜ የምትደበቀው ደግሞ እዚያው በርሜል ኋላ ነው። «ይቺ ልጅ ሌባ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ነበር የምትያዘው» እያለች የሽቦ እናት ትስቅ ነበር። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። በጣም ደስ የሚል ጊዜ።

ስድስተኛ ክፍል ሳሉ የሽቦ አባት ልብሱን በሻንጣ ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ያኔ የመስኮቱ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሽቦ ነበረች። ሳቂታ የክበቡ አባል አልነበረችም፤ ነገር ግን ከመስኮቱ ሥር ካለው የሲሚንቶ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ለውዝ እየፈለፈለች ትጠብቃት ነበር። ሽቦ ከወንበሯ ሆና የምታየው አናቷን፣ ፀጉሯ ለሁለት የተከፈለበትን ቀጭን መስመር ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ሳቂታ ቀሚሷን አራግፋ ትነሳና አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች።

«ለውዝ?»

ሽቦ ስለ አባቷ መጀመሪያ ያወራችው ክቡ ውስጥ አልነበረም። መንገድ ላይ፣ አፏ በለውዝ ተሞልቶ ነው ያወራችው። ክቡ ውስጥ የተናገረችው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ የሳቂታ ቤተሰቦች ሰፈር ቀየሩ፤ የመማሪያ ክፍላቸውም ተለያየ። አልተጣሉም፣ እንዲሁ ተራራቁ። ሽቦም ለአዳዲስ ልጆች ስታወራ «እኔን ያዳነኝ ይሄ ወንበር ነው» ማለት ለመደች። ለውዙን ረስታው ነበር።

አሁን ታወሳት።

«ዛሬ አንተ ምራ» አለችው ራዲዮን።

«እኔ?»

«አዎ አንተ። ብቻ ሌላውም ሰው ይናገር።»

ልጆቹ ሳቁ። ራዲዮ ግን አልሳቀም፤ በሩ ድረስ ተከተላትና በሹክሹክታ «ሕጉስ?» አላት።

«አልጠይቃትም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ሽቦ ራሷም አታውቅም። ወደ መምህርቷ ዞር አለች። እሳቸው ዓይናቸውን ከመጋረጃው ሳያነሱ በጥርሳቸው ክር በጠሱ።

«ስትወጪ በሩን ዝጊው ልጄ» አሉ፤ «ብርድ ያስገባል።»

ስትወጣ ራዲዮ አዲሷን ልጅ «ቤትሽ በየት በኩል ነው?» ሲላት ሰማች።

ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከነቅርፊቱ ለውዝ ገዛችና ሳቂታን መፈለግ ጀመረች። ሜዳው ላይ የለችም። ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቷል። ወደ ቤቷ ሄዳ ይሆናል ብላ ልትመለስ ስትል ዓይኗ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን የቆመው የውሃ ታንከር ላይ አረፈ። ከበርሜል ወዲህ ምንም አልተሻሻለችም አለች በልቧ፤ ሄደችም።

ሳቂታ እዚያ ነበረች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለታንከሩ ሰጥታ።

«ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?» አለች ቀና ሳትል።

«አይደለም።»

«ስብሰባ የለሽም እንዴ?»

«ራዲዮ ነው የሚመራው።»

«ወይ ጉድ! እስከ ነገም አያልቅም በይኛ።» የከንፈሯ ጫፍ ሊፈታ ሲል መልሳ ያዘችው። ድምጿ ተቀየረ። «ኮሪደር ላይ ስታዪኝ አንገትሽን ነቅንቀሽ ብቻ ታልፊ ነበር። ሌላው ሰው ቢያልፈኝ ምንም አልነበረም። አንቺ ግን!»

ሽቦ ስለ ሕጉ ልታስረዳት አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ላይ ሲደርስ ግን ለራሷም አስቀያሚ ሆነባት።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ሞኝ ነበርኩ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። የለውዙን ወረቀት ፈታ በመሃላቸው አስቀመጠችው። ሳቂታ አልነካችውም። ከስፌት ክፍሉ ክፍት መስኮት የራዲዮ ድምፅ ይሰማል፤ እንደተፈራው ብቻውን እያወራ ነበር።

ሽቦ ሁለት መዳፏን ዓይኖቿ ላይ ጫነች።

«አኩኩሉ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ትልልቅ ልጃገረዶች በዚህ ዕድሜያቸው ታንከር ሥር ቁጭ ብለው! አንድ ሰው ቢያያቸው ለዓመት መሳቂያ ይሆናሉ። ሽቦ ግን እጇን አላወረደችም።

«አልነጋም» አለች ሳቂታ በመጨረሻ። ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ያሁኑ ግን ሳቅ አልነበረም።

«እሺ» አለች ሽቦ። «እጠብቃለሁ።»

ዓይኗን እንደጨፈነች ጀርባዋን ታንከሩ ላይ አስደገፈች። ፀሐይ የተቀበለው ብረት ገና ሙቀት ነበረው። ምን ያህል እንደቆዩ አታውቅም። ከጎኗ ወረቀት ተንኮሻኮሸ፤ ቀጥሎ አንድ የለውዝ ቅርፊት ቀጭ ሲል ሰማች።