ብረት የሌለበት ቢላ

ይታገሱ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ላለፈው አንድ ወር ግን ዋናው ሥራው እንቅልፍ ማጣት ሆኗል። በየቀኑ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የጠመኔውን አቧራ ከእጁ አራግፎ በትምህርት ቤቱ የኋላ በር ይወጣና ቁልቁለቱን ወርዶ ከወንዙ ዳር ወደ ተከራየው ቤት ይገባል። ምሳ ሊበላ አይደለም። አማቱ እትዬ የሺመቤት «አራስ ባለበት ቤት በቀትር ወንድ አይጥፋ» ስላሉ ነው። እሳቸው ካሉ አለቀ፤ ከእሳቸው ጋር ከመከራከር ዳገቱን በቀን ሁለቴ መውጣት ይቀላል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የመኝታ ቤቱ የኋላ በር ወደ ወንዙ ይከፈታል። ጠዋትና ማታ የመኪናው ጩኸትና የጎረቤቱ ሬዲዮ ሸፍኖት ወንዙ መኖሩም አይታወቅም። ቀትር ላይ ግን መንደሩ ጭጭ ሲል፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ የጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ ውኃውም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ልብስ የሚያጥብ ያህል ቸፍ ቸፍ ይላል። ይታገሱ አንድ ሁለቴ በሩን ከፍቶ አይቷል። ማንም የለም።

ሚስቱ ስንዱ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይህቺኛዋ በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት የመጣች ልጅ ናት፤ ገና ሰማንያ ቀኗ ስላልደረሰ ክርስትና አልተነሣችም፣ ስሟም ለጊዜው ማሚቱ ነው። ማሚቱ ታለቅሳለች። ጠብታም ታለቅሳለች፣ ደርቃም ታለቅሳለች። ይታገሱ ይወዳታል። ግን ደክሞታል። አንዳንዴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ተዪያት፤ ሲደክማት ዝም ትላለች» ይልና፣ ከአፉ ከወጣ በኋላ ያፍርበታል።

ከስንዱ ትራስ ሥር አንዲት ትንሽ ቢላ አለች፤ ከስንዝር ብዙም አትበልጥም። ሟቹ አባቷ አገር ቤት ያስቀጠቀጧት ናት። ብረቷ በቀንዱ እጀታ ውስጥ አልፎ እስከ ጫፉ ይደርሳል፤ መልኳ ጠቁሯል፣ ስለቷ ግን ጸጉር ይላጫል። እትዬ የሺመቤት በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ልጅቷ የተወለደች ዕለት አኖሯት። ስንዱ ወደ ጓሮ ስትወጣ እንኳ በእጇ ይዛት ነው። «ብረት ካለ አይጠጋም» ይላሉ እትዬ የሺመቤት። ምኑ እንደማይጠጋ አይናገሩም። ይታገሱ ሁለተኛ ጠይቋቸው አያውቅም፤ ለእሱ ብረት ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ንጥረ ነገር ነው፣ ሲረጥብ የሚዝግ።

ሃይኪንጉን፣ የእግር ጉዞውን፣ ያመጣው የስፖርት መምህሩ ምትኩ ነው። እሑድ ከመምህራኑ ጋር ወደ መናገሻ ጫካ። ይታገሱ እምቢ ሊል ነበር፤ ስንዱ ናት «ሂድ፣ አንድ ቀን እንኳ ተንፍስ» ያለችው። ምትኩ ውኃና የዝናብ ልብስ ካለው በኋላ አንድ ነገር ጨመረ።

«ትንሽ ቢላ ያዝ። ሰንጢ እንዳታመጣ፤ ባለፈው የሚታጠፈው ነው ጣቴን የበላው። የማይታጠፍ፣ አጭር፣ ቢጠፋ የማይቆጭህ ይሁን።»

ዓርብ ዕለት እትዬ የሺመቤት ለለቅሶ ወደ ፍቼ ሄዱ። ሲወጡ ትራሱን ገልጠው በጨርቁ ላይ በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። «ሰኞ እመለሳለሁ። ይቺ ከዚህ አትንቀሳቀስ» አሉት። ስንዱን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ወረደ። የቢላ ሻጮቹ መደብሮች ከሸራ ሥር ናቸው፤ ውስጣቸው ጨለማ፣ የማሽን ዘይትና የዝገት ሽታ ያፈናቸው፣ ከሩቅ መሳያ ድንጋይ የሚያንቋርርባቸው። አንዱን ሲያነሣ እጀታው ይነቃነቃል። ሌላው ረዝሞ በግ ያርዳል። ሦስተኛው ያምራል፣ ግን ብረቱ እጀታው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ገብቶ በሙጫ ተይዟል። ደህና ነው ያለው ደግሞ ዋጋው የመምህር አልነበረም። አንድ ሰዓት ያህል እያነሣ እየጣለ ዞረና እግሩ ዛለ፤ የሁሉም ቢላ መልክ አንድ ሆነበት። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ሻጭ ከመሳቢያ ውስጥ በፕላስቲክ አፎት ያለች አጭር ነጭ ቢላ አወጣለት።

«ጋሼ፣ ይቺን ውሰዳት። አትዝግም፣ መሳያ አትፈልግም፣ ቀላል ናት።»

«ከምንድን ነው የተሠራችው?»

ሻጩ ፈገግ ብሎ ከአሮጌ ስፒከር የተፈታ ማግኔት በቢላዎቹ ላይ አሳለፈ። ሌሎቹ ሁሉ ቅጭል ቅጭል እያሉ ተነሡ፤ ነጯ ንቅንቅ አላለችም። «ከሸክላ ዓይነት ነገር ናት። ቅንጣት ብረት የለባትም» አለ። ይታገሱ ሳይንሱን ያውቀዋል፤ ደስ አለው። ዋጋዋም ረከሰለት፤ ከፍሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቀትሩን አሳልፎታል። የመኝታ ቤቱ የኋላ በር ገርበብ ብሏል፤ ከበሩ ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አለ። ባዶ እግር ነው፣ በጣቶቹ መካከል ጥቁር ጭቃ የቀረበት። ዱካው ቀጥ ብሎ ወደ አልጋው ይሄድና አንድ እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ውኃ ተጠራቅሟል፤ የመጣው ነገር ብዙ ቆሟል። የመመለሻ ዱካ የለም።

ስንዱ ከእንቅልፏ ነቃች። «ቅድም ለምንድን ነው ቆመህ የቀረኸው? ቁጭ አትልም ነበር?» አለችው።

«መቼ?»

«ቅድም ነዋ። ‹ቢላዋን ስጪኝ፣ ለመንገድ እፈልጋታለሁ› ስትለኝ። እምዬ አትንቀሳቀስ ብላለች ብዬ ከለከልኩህ አይደል?»

ይታገሱ ሕልም ነው አላት፣ ለራሱም ሕልም ነው አለ። ወደ ጓሮ ወጥታ እግሯን ሳትታጠብ አትቀርም፤ አራስ እንቅልፍ ሲያንሳት ብዙ ነገር ታያለች። ጨርቅ አምጥቶ ዱካውን ወለወለ። የጨርቁ ሽታ ግን የወንዝ ነበር፤ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ አልለቀቀውም።

ማታ ራት ላይ የነጯን ቢላ ፎቶ ለምትኩ ላከለት። ምትኩ ወዲያው ደወለ።

«አንተ፣ ይቺ እኮ የቲማቲም ናት! እንጨት ላይ ጫን ብትላት እንደ ሲኒ ነው የምትሰበረው።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ የመምህራኑ መኪና ከአስፋልቱ ጥሩንባ ሲነፋበት ይታገሱ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ለምን እንደሚያደርገው በሚገባ አስቦበታል፤ ደክሞት አሰበው እንጂ። ሁለቱ ቢላዎች በቁመት እኩል ናቸው። ስንዱን የሚያረጋጋት ጨርቁ ውስጥ ቢላ አለ ብላ ማመኗ ነው፣ ብረቱ አይደለም። ደግሞም ለአንድ ቀን ነው። እጁን ከትራሱ ሥር ሰደደ፣ ጥቁሯን አወጣ፣ ነጯን ከነአፎቷ በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ መለሰ። ስንዱ አልነቃችም። ማሚቱ ግን ዐይኗን ገልጣ ነበር፤ እጁን ስትከተል ቆይታ ወደ ኋላው በር ዞረች። አላለቀሰችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሱ ግን ያን ጊዜ የተሰማው እፎይታ ብቻ ነበር። ጎረቤታቸው ዘርፌ ቀኑን ሙሉ እንድትቀመጥላቸው ቃል ገብታለች። በሩ ላይ አገኛትና አመስግኗት ሮጠ።

ጫካው ጥሩ ነበር። ቢላዋም ጥሩ ነበረች። ዱላ ጠረበችለት፣ ገመድ ቆረጠችለት፣ ዳቦ ገመሰችለት፤ ምትኩ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ስለቷን ሞከረና «የት አገኘሃት? እንዲህ ያለ ድሮ ቀረ» አለ። ይታገሱ ከአንድ የጽድ ግንድ ሥር ጋደም አለ። በወሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልሰማም። ሰዓቱን ሲያይ ስድስት ከሩብ ነው፤ ቀትር መሆኑን አስቦ ወደ ቤት ደወለ።

«አትቸኩል» አለችው ስንዱ። ድምፅዋ የጠራ ነበር፣ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ። «እኛ ደህና ነን። ዛሬ ድካሙ ሁሉ ለቀቀኝ።»

«ልጅቷስ?»

«ተኝታለች።»

ልጅቷ ግን አልተኛችም ነበር። ከስልኩ ወዲያ፣ ከሩቅ፣ ከበር ውጭ የመሰለ ቦታ ላይ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት ደግሞ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ እሹሩሩ ትላለች። ይታገሱ ድምፁን ያውቀዋል፤ ወር ሙሉ በየሌሊቱ የሰማው የስንዱ እሹሩሩ ነው። ስንዱ ግን በስልኩ እያወራችው ነበር። «ማን ነው እዚያ?» ሲል መስመሩ ተቋረጠ፤ ደግሞ ሲሞክር ስልኩ ዝግ ነው።

ምትኩን እንመለስ ብሎ ለምኖ፣ እምቢ ሲለው ተቆጥቶ፣ ብቻውን ወደ አስፋልቱ ሮጦ፣ መኪና ጠብቆ አገር ሰላም ነው ብሎ የሚያዘግም ታክሲ ላይ ተሳፍሮ ሰፈሩ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ዘርፌ ከግቢው በር ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ስታየው እጇ ቆመ።

«እንዴ! ደግሞ መቼ ወጣህ?» አለችው።

«ዘርፌ፣ ለምን ትተሻት ወጣሽ?»

«አንተ መጣሃ! ቀትር ላይ በኋላው በር ስትገባ አይቼህ አይደል? ‹ውጪልን፣ እኔ አለሁ› ብለኸኝ…» ሸሚዙን አየች፣ ጫማውን አየች። «ያኔ ባዶ እግርህን ነበርክ።»

ቤቱ ታጥቧል። ወለሉ ሁሉ እርጥብ ነው፤ የወንዙ ሽታ ከግድግዳው የሚመነጭ ይመስላል። መብራት አልበራም። ስንዱ አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ ተበጥሮ ትከሻዋ ላይ ያንጠባጥባል፣ ከዐይኗ ሥር ያለው የወር ጥቁረት ጠፍቷል። በእቅፏ ያለችው ልጅ ዐይኗን ገልጣለች። አትቁነጠነጥም፣ አትስቅም፣ ታየዋለች።

ይታገሱ ይቅርታ ሊላት ነበር የመጣው። ቦርሳውን ከፍቶ ጥቁሯን ቢላ አወጣ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም፣ እናትም ልጅም፣ እኩል ወደ ግድግዳው ሸሹ።

«አውጣልኝ እሱን» አለች። «ይሸተኛል።»

«የአባትሽ ቢላ እኮ ናት፣ ስንዱ።»

ይታገሱ ቢላዋን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ትራሱን ገለጠ። ጨርቁ ተፈትቷል። ነጯ ቢላ ከአፎቷ ወጥታ፣ እንደ ሲኒ ለሁለት ተሰብራለች፤ እጀታዋ ላይ አንድ ሰው አጥብቆ የያዘበት በደም የታተመ የጣት አሻራ አለ። ስንዱ መዝዛት ነበር። በእሱ ነጭ ቢላ ልጇን ልታስጥል ሞክራ ነበር። ይህን ሲረዳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግረው ሌላ ሰው አላስፈለገውም።

ከኋላው በር ወዲያ፣ ከወንዙ በኩል፣ ድምፁ የሰለለ ሕፃን አለቀሰ። ከልቅሶው ሥር ውኃ የገባበት የሴት ድምፅ፣ በጣም የደከመ፣ ስሙን ይጠራል፤ «ይታገሱ፣ ብረቱን አምጣልኝ» ይላል። ወደ በሩ ዞረ። መቀርቀሪያውን ሳበ፤ በሩ ከወዲያ በጭቃ የተመረገ ያህል አልነቃነቅ አለው።

«ተዋት» አለች አልጋው ላይ ያለችው፣ በራሱ በይታገሱ ድምፅ፣ «ሲደክማት ዝም ትላለች።»